ከገለጉ የሚነሳ ፎቶ፦ ሰውንና ኑሮውን በካሜራ መዘገብ ለሚጀምሩ

በ2008 ዓ.ም. በምዕራብ ጎንደር፣ በቋራ ወረዳ ካለችው ከገለጉ ከተማ ብዙም በማይርቀው በአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ተመራማሪዎች ያጠመዱት ካሜራ የአንበሳ ምስል ቀረጸ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ አልጣሽ አንበሳ የሚኖርበት ቦታ መሆኑ በዓለም የዘርፉ ባለሙያዎች ዘንድ አልተረጋገጠም ነበር። ምስሉና የተገኘው ዱካ አንድ ላይ ሲቀርቡ ግን ወሬው ዓለምን አዳረሰ። የዘጋቢ ፎቶ ጉልበት ይህ ነው፤ «ይህ ነገር በዚህ ቦታ፣ በዚህ ቀን ነበረ» ብሎ ይመሰክራል።

ስለ ቋራና ስለ መተማ ሰው ግን እንዲህ ያለ ምስክር ጥቂት ነው። የአካባቢው ስም በዜና የሚነሳው ግጭት ሲፈጠር ወይም ከድንበሩ ማዶ ስደተኛ ሲፈልስ ነው። ፎቶ አንሺውም ያኔ መጥቶ ያኔውኑ ይመለሳል። ሰሊጥ አራሚው፣ በገበያ ቀን በርበሬ ሰፋሪዋ፣ ከብቱን ውኃ ለማጠጣት ማልዶ የሚነዳው ልጅ እንደኖሩ አሉ፤ ምስላቸው ግን የለም። ይህን መመሪያ የጻፍሁት እዚያው ለምትኖሩት ነው። ከሩቅ የሚመጣ ባለሙያ የተሻለ ካሜራ ይኖረው ይሆናል፤ በሳምንቱም፣ በወሩም፣ በሚቀጥለው ክረምትም ያንኑ ሰው ማግኘት የምትችሉት ግን እናንተ ናችሁ። ከዚህ በታች የምላችሁ ሁሉ ከዚህ ብልጫ የሚነሳ ነው።

ስልካችሁ ይበቃል

ካሜራ እስክትገዙ አትጠብቁ። በእጃችሁ ባለው ስልክ ጀምሩ፤ አስቀድማችሁ ግን ሌንሱን በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጥረጉት። የቆላው አቧራና የእጅ ቅባት ተቀላቅለው ሌንስ ላይ ሲቀመጡ ምስሉ ጭጋግ የለበሰ ይመስላል፤ ብዙ ሰው ይህን እያየ «ስልኬ ደካማ ነው» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። በጣት እየዘረጋችሁ አታቅርቡ፤ በእግራችሁ ቅረቡ። በጣት የምታቀርቡት ምስል የሚጎላው ጥራቱን እየቀነሰ ነው።

የመጋቢትና የሚያዝያ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ስልክ ራሱን ሊያጠፋ ይችላል። በኪስ ወይም በቦርሳ ውስጥ፣ ከፀሐይ ተከልሎ ይቀመጥ፤ በሥራ መካከልም ጥላ ሥር አሳርፉት። ውኃ አታስነኩት፣ በረዶ ላይም አታስቀምጡት፤ ድንገት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ጤዛ ይይዛል። መብራት በሚጠፋበት ሰሞን ትርፍ የኃይል መያዣ ወይም የፀሐይ ኃይል መሙያ ያስፈልጋችኋል።

ካሜራ ያላችሁ ደግሞ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ብትይዙ ለጊዜው ሌላ አያሻችሁም። ለሚንቀሳቀስ ሰው የሹተር ፍጥነቱ ከ1/250 ሰከንድ አይዝገም። ሌላውን በሥራ ትማሩታላችሁ።

ብርሃኑን እወቁት

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ ቆዩ፤ የቆላ ፎቶ የሚበላሸውም የሚያምረውም በብርሃን ነው። ገለጉ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ አካባቢ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ልክ አናት ላይ ትቆማለች። ያኔ ዓይን በቅንድብ ጥላ ይዋጣል፣ ከአፍንጫና ከአገጭ ሥር ጥቁር ጥላ ይወርዳል፣ ግንባር ብቻ ያብረቀርቃል። በዓመቱ ሌሎች ወራትም ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ያለው ብርሃን ለሰው ፊት አይሆንም። ጠዋት ከ12፡30 እስከ 2፡30፣ ከሰዓት በኋላም ከ10 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይዋ እስክትጠልቅ ድረስ ያለው ብርሃን ግን ከጎን ገብቶ ፊትን ቅርጽ ይሰጠዋል። በእኛ አገር ፀሐይ ቶሎ ትጠልቃለች፤ ምሽቱን የምትጠብቁ ከሆነ ቦታችሁን አስቀድማችሁ ምረጡ።

በእኩለ ቀን ማንሳት ግድ ከሆነ ሰውየውን ከኒሙ ሥር ወይም ከዳሱ ጠርዝ አስቀምጡት። ጠርዝ ያልሁት በምክንያት ነው፤ ወደ ውስጥ በጣም ከገባ ይጨልማል፣ ወደ ውጭ ከወጣ ይቃጠላል። ከጥላው ወሰን አንድ እርምጃ ገባ ብሎ ፊቱን ወደ ደጁ ያዙር፤ ከመሬቱ ተንጸባርቆ የሚመጣው ብርሃን ዓይኑን ያበራዋል። የሣር ቤት በርም ይህንኑ ያደርጋል። በሩ ላይ ተቀምጣ ወደ ውጭ የምትመለከት እናት፣ ከኋላዋ የጎጆው ጨለማ፦ ከዚህ የተሻለ ፎቶ ቤት በየትኛውም ከተማ አታገኙም።

አሁን ወደ ጥቁር ፊት እንምጣ። ካሜራ በፍሬሙ ውስጥ ያለውን ብርሃን ሁሉ አማክሎ ስለሚለካ፣ ከሰውየው ጀርባ የነጣ ሰማይ ካለ ሰማዩን አድኖ ፊቱን ያጠቁረዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። በስልኩ መስታወት ላይ ፊቱን ንኩት፤ የፀሐይ ምልክቷ ስትወጣ ጣታችሁን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች እያንሸራተታችሁ የፊቱ ዝርዝር እስኪታይ አስተካክሉ። ሰማዩ ቢነጣ ይንጣ። ከዚያ የሚሻለው ግን ጀርባውን መለወጥ ነው፤ ከሰማይ ይልቅ የጭቃ ግድግዳ፣ ዛፍ ወይም የማሽላ እርሻ ይሁን።

ችግሩ ከመሣሪያው ታሪክም ይመነጫል። ለአሥርተ ዓመታት የቀለም ፊልም ኅትመት የሚስተካከለው ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ባሰራጨው የነጭ ሴት ምስል ነበር፤ ካርዱም «ሸርሊ» ይባል ነበር። ፊልሙ ለቡናማ ቀለም እንዲሻሻል በኋላ ግፊት ካደረጉት መካከል የዕቃቸው ቀለም አልወጣ ያላቸው የእንጨት ዕቃና የቸኮሌት አምራቾች ይገኙበታል። ስለዚህ ፊቱ ጠቁሮ ሲወጣ ጥፋቱ የሰውየው መልክ አይደለም። «ፊቴን አንጣልኝ» የሚላችሁ ይኖራል፤ ቆዳን በማጣሪያ ከማንጣት ይልቅ ጥሩ ብርሃን ላይ አስቀምጡትና የራሱን መልክ አሳዩት። የጉሙዙንም የአማራውንም የአገውንም ቀለም እንዳለ መያዝ የፎቶ አንሺ ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ።

የቋራው ልጅ ፎቶ

ስለ ሰው ፎቶ ስንነጋገር ከቋራ የሚነሳ አንድ ታሪክ አለ። አፄ ቴዎድሮስ ቋራ ተወልደው በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲሞቱ፣ ሰባት ዓመት የሆነው ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። በዚያው ዓመት በዋይት ደሴት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፎቶ አነሣችው። ካሜሮን በ48 ዓመቷ ከልጇ ካሜራ ተሰጥቷት የጀመረች፣ የዶሮ ቤቷን ፎቶ ቤት ያደረገች፣ በዘመኗ የሰውን ፊት እንደ እሷ ያነሣ የሌለ ባለሙያ ነች። ልጁ በአገሩ ልብስ ተውቦ፣ አንዳንዴ ለብቻው፣ አንዳንዴም የሐበሻ ልብስ ከለበሰው ጠባቂው ከካፒቴን ስፒዲ ጋር ተነሥቷል። ብርሃኑ ለስላሳ ነው፣ ፊቱ ጎልቶ ይታያል። ዓለማየሁ በ18 ዓመቱ እዚያው እንግሊዝ አረፈ።

ከእነዚህ ምስሎች ሁለት ነገር ውሰዱ። አንደኛው ሙያው ነው፦ ከአንድ ወገን የሚገባ ብርሃን፣ ባዶ ጀርባ፣ ቀረብ ያለ ፊት። ይህን ገለጉ ላይ በአንድ በርና በአንድ ስልክ መሥራት ትችላላችሁ። ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ነው። አባቱንም አገሩንም ያጣ ሕፃን እንዴት መታየት እንደሚፈልግ የመወሰን ሥልጣን አልነበረውም፤ አለባበሱንም አቀማመጡንም የመረጡት ሌሎች ናቸው። ምስሉ ያማረ ነው፤ ባየሁት ቁጥር ግን ያሳዝነኛል። እናንተም የጉሙዝ እናትን «የባህል ልብስሽን ልበሺ»፣ ገበሬውን «የተቀደደውን ልበስ» ስትሉ ያንኑ እያደረጋችሁ ነው። ሰው የፈለገውን ይልበስ። አጊጦ መነሣት ከፈለገ ያጊጥ፤ ከሥራው ሳይላቀቅ መነሣት ከፈለገም ይሁንለት።

ፊት ማንሳት፣ ደረጃ በደረጃ

ስልኩን ከኪሳችሁ ሳታወጡ ሂዱ። ሰላምታ ይቅደም፤ ታላቅን «እንዴት ዋሉ አባቴ»፣ «እንደምን አሉ እማማ» ብላችሁ፣ ቡና ከቀረበ ጠጥታችሁ፣ የማን ልጅ እንደሆናችሁ ተናግራችሁ። ከዚያ የምትፈልጉትንና ምስሉ የት እንደሚሄድ በግልጽ ንገሩ። «ላንሳዎት?» ብቻ አይበቃም፤ «በስልኬ ላስቀምጠው ነው»፣ «ፌስቡክ ላይ ላወጣው ነው» እና «ለኤግዚቢሽን ነው» የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ለሕፃን ወላጁን ጠይቁ፤ ልጁንም ጭምር። የጉሙዝ መንደር ከሄዳችሁ ቋንቋውን ከሚችል የመንደሩ ሰው ጋር ሂዱ፣ ሽማግሌዎቹንም አስቀድማችሁ አነጋግሩ።

ሲፈቀድላችሁ ወዲያው አታንሱ። ሰው ካሜራ ሲያይ በወታደር አቋቋም ቀጥ ይላል። ያንን አንዱን አንሱለት፤ ራሱን በክብር ማሳየት ከፎቶ ቤት የወረስነው ወግ ነውና አይናቅ። ከዚያ ወሬ ቀጥሉ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሰሊጥ ዋጋ፣ ስለ ልጆቹ ጠይቁት። እጁ ወደ ሥራው ሲመለስ፣ ፊቱ ሲፍታታ ሁለተኛውን አንሱ።

በስልኩ ሰፊ ሌንስ ፊት ላይ ተለጥፋችሁ አታንሱ፤ አፍንጫ ያብጣል፣ ጆሮ ይሸሻል። ሁለት እርምጃ ራቅ በሉ፤ ስልኩ የ2 እጥፍ ሌንስ ካለው እሱን ተጠቀሙ። የካሜራው ትኩረት ሁልጊዜ ለእናንተ በሚቀርበው ዓይን ላይ ይሁን። ቁመታችሁንም ከተቀመጠው ሰው ዓይን ጋር አስተካክሉ፤ የተቀመጠን ሰው ቆማችሁ ስታነሡት ታሳንሱታላችሁ። መሬት ላይ ከተቀመጠ እናንተም ተቀመጡ። እጁን አትርሱት፤ የዕጣን ዛፍ የሚያደማ ሰው መዳፍ ከፊቱ ያላነሰ ይናገራል። በመጨረሻ ምስሉን አሳዩት። ካልወደደው አጥፉት፣ ፊት ለፊቱ።

አንድ ነገር ይዛችሁ ዓመቱን ተከተሉ

ከነጠላ ፎቶ ወደ ዘገባ የምትሻገሩት ሲደጋገም ነው። ለጀማሪ ከሰሊጥ የተሻለ ርዕሰ ጉዳይ በምዕራብ ጎንደር የለም፤ መነሻና መድረሻ ያለው፣ አገሩን ሁሉ የሚያንቀሳቅስ ሥራ ነው። ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ ይዘራል፤ ሐምሌና ነሐሴ አረም ነው፤ መስከረም ሲጋመስ አጨዳው ይጀምራል። ሰሊጥ ሲደርስ ካልታጨደ ፍሬው እየተከፈተ መሬት ላይ ይረግፋል፤ ስለዚህ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ብዙ እጅ ይፈለጋል። ከደጋው በመኪና ተጭነው የሚመጡት የወቅቱ ሠራተኞች፣ ሳሉጎች፣ ያን ጊዜ ሜዳውን ይሞሉታል። የታጨደው በነዶ ታስሮ ቆሞ ሂላ በሚባል ክምር ይከመራል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ ሸራ ላይ ተገልብጦ ይራገፋል። በመጨረሻ በኩንታል ወደ መጋዘንና ወደ መተማ ይጓዛል።

በየደረጃው አምስት ዓይነት ምስል ፈልጉ። ቦታውን የሚያሳይ ሰፊ ምስል፤ ሰዎች ሲሠሩ መካከለኛ ርቀት ላይ፤ ዝርዝር ነገር፣ ለምሳሌ ማጭድ፣ የውኃ ጀሪካን፣ የተሰነጠቀ ተረከዝ፤ የአንድ ሰው ፊት፤ እና ሁኔታው የሚለወጥበት ቅጽበት። የሰሊጡ ቅጽበት ነዶው የሚገለበጥበት ነው፤ ፍሬው በአየር ላይ እያለ የጠዋት ፀሐይ ከኋላው ከመጣ ነጭ ሆኖ ይታያል። በፈጣን ሹተር አከታትላችሁ አንሱት። በክረምት ዋልካው እግርና ጎማ ስለሚይዝ ወደ እርሻው መድረስ ያዳግታል፤ ያንን መቸገር ራሱን አንሱት፣ የታሪኩ አካል ነውና። ሳሉጎቹ በምሽት ዳሳቸው ውስጥ የሚያበስሉትን፣ በወባ ወይም በካላዛር ታሞ የተኛውን ጓደኛቸውን የሚጠብቁበትን ሰዓት አትዝለሉት። አጨዳውን ሁሉም ያነሣዋል፤ ሌሊቱን ግን የሚያውቀው አብሮ ያመሸ ነው።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው አለ። የሳሉጉን ፈቃድ ከባለ እርሻው አትቀበሉ። ቀጣሪው «አንሷቸው፣ ችግር የለም» ሲል ሠራተኛው እምቢ ለማለት ነጻነት የለውም። ባለ እርሻውን ወደ መሬቱ ለመግባት ጠይቁት፤ ሠራተኛውን ግን ለብቻው፣ በምሳ ሰዓት ወይም ማታ ጠይቁት። ከቤቱ የወጣበትን ምክንያት ቤተሰቡ የማያውቅ ልጅ ሊኖር ይችላል፤ ፎቶው ያጋልጠዋል።

ሕግና ድንበር

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ለታወቁ ሰዎች፣ ለሕዝብ ሹማምንት፣ ለሕዝብ ጉዳዮችና በአደባባይ ለሚደረጉ ክንውኖች ልዩ ሁኔታ ይሰጣል። እንግዲህ የጥምቀት አከባበርን በሰፊው ማንሳት ሌላ፣ የአንዲትን ሴት ፊት ለብቻው አውጥቶ ለማስታወቂያ መሸጥ ሌላ ነው።

ከመውጣታችሁ በፊት ከወረዳው ኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ያዙ፣ ቀበሌውንም አሳውቁ። ኬላ፣ ወታደር፣ የጦር ካምፕና የድንበር መሻገሪያ አታንሱ፤ በዚህ አካባቢ አንድ ግድየለሽ ፎቶ ለእናንተም ለቤተሰባችሁም ጦስ ያመጣል። መንገዱ ሰላም ካልሆነ ፎቶው ይቅር።

ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲጀመር በመተማ በኩል ብዙ ሕዝብ ተሻግሯል፤ ኩመርና አውላላ ላይም ሰፍሮ ነበር። ስደተኛ ለማንሳት የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በላይ ግን የሰውየው ደኅንነት ይቀድማል። ማዶ ዘመድ የቀረበት ሰው ፊቱ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲወጣ አደጋው ማን ላይ እንደሚያርፍ አይታወቅም። ፊቱን ሳታሳዩ እጁን፣ ጀርባውን፣ ይዞት የመጣውን ዕቃ አንሱ። የስልካችሁን የቦታ መመዝገቢያም አጥፉ፤ አለዚያ ምስሉ በውስጡ አድራሻ ይዞ ይሄዳል።

ሐዘንስ? መጋቢት 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን በወደቀበት ቦታ፣ ሙሉጌታ አየነ አፈር ፊቷ ላይ የምትበትን ሐዘንተኛ አንሥቷል፤ ፎቶው በ2020 እ.ኤ.አ. ለዓለም የፕሬስ ፎቶ የዓመቱ ምርጥ ምስል ከታጩት አንዱ ነበር። ያ ሐዘን አገር ያወቀው፣ በአደባባይ የተለቀሰ ነበር፤ ምስሉም ሟቾቹ ቁጥር ብቻ ሆነው እንዳይቀሩ አድርጓል። በጎረቤታችሁ ለቅሶ ግን መጀመሪያ ለቀስተኛ ናችሁ። ቤተ ዘመድ ራሱ «አንሳልን» ካላላችሁ ስልኩ ኪስ ውስጥ ይቆይ።

መግለጫ፣ ማተም፣ ማቆየት

መግለጫ የሌለው ዘጋቢ ፎቶ ግማሽ ነው። በዚያው ቀን ማታ በደብተር ጻፉ፦ ማን፣ የት ቀበሌ፣ መቼ፣ ምን እየሠራ፣ ምን ዓይነት ፈቃድ ሰጠ። «ገበሬ በሥራ ላይ» ብላችሁ አትጻፉ፤ ስሙን ካልከለከለ በስሙ ጥሩት። ያላያችሁትን አትጨምሩ። አዛውንቱ ቢያዝኑ «ልጃቸውን አስበው» አትበሉ፤ ካልነገሯችሁ አታውቁም። ብርሃንና ንጽጽር ማስተካከል ይፈቀዳል፤ ሰው ወይም ዕቃ ማጥፋትና መጨመር ግን ዘገባውን ይገድለዋል።

ለመነሣት ገንዘብ አትክፈሉ፤ ሰው ለካሜራው ብሎ ኑሮውን መተወን ይጀምራል። ዕዳችሁ የታተመ ፎቶ ነው። መተማ ወይም ጎንደር ስትወጡ 10 በ15 አሳትማችሁ በእጁ አድርሱለት። ያን ጊዜ በሩ ይከፈትላችኋል፤ የድሮ አልበሙን አውጥቶ ያሳያችኋል፣ የሚቀጥለውን ታሪክ ራሱ ይነግራችኋል። አልበሞቹንም በባለቤቱ ፈቃድ በመስኮት ብርሃን ቅዱ፤ በፎቶዎቹ ያሉት እነማን እንደሆኑ የሚያውቁ አረጋውያን ሳያልፉ ስማቸውን መዝግቡ። አዲስ አበባ ውስጥ ከየቤቱ አልበም የተሰበሰቡ ፎቶዎች «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል መጽሐፍ ወጥተዋል፤ የቆላው አልበም ግን ገና ሰብሳቢ ይጠብቃል።

ምስሎቻችሁን ቢያንስ በሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱን በሚሞሪ፣ ሌላውን ኔትወርክ ባገኛችሁ ቀን በኢንተርኔት ማከማቻ። ፋይሉን በቀንና በቦታ ሰይሙት። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ 410/1996 መሠረት ፎቶ ለ25 ዓመት ጥበቃ አለው፤ ስለዚህ በየምስሉ ስማችሁንና አድራሻችሁን ጻፉ። አይዳ ሙሉነህ በ2010 እ.ኤ.አ. የመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስት የአፍሪካና የዓለም ፎቶ አንሺዎችን ሥራ አዲስ አበባ ላይ አቅርቧል፤ እንዲህ ላለ መድረክ ስታመለክቱ ከሃምሳ የተበታተኑ ምስሎች ይልቅ ከአንድ የሰሊጥ ዓመት የተመረጡ አሥራ ሁለት ላኩ። ከዚያ በፊት ግን ገለጉ ላይ፣ በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ወይም በገበያ ቀን በዳስ ሥር ስቀሏቸው፤ የተነሡት ሰዎች መጥተው ይዩአቸው፣ የተሳሳተ ስም ካለም ያርሙት።